መዝገቡ ሲሳሳት ማን ያርመዋል? ስለ አየር መንገድ የተሳፋሪ መረጃ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «አንብበውና የሚሰማህን ንገረኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። በአማርኛ የተጻፈ ነው። ጉዳዩ የአሜሪካ መንግሥት ለጸጥታ ሲል አየር መንገዶች እንዲይዙትና እንዲያስረክቡት የሚያስገድደው መዝገብ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው እንደደከሙበት ያስታውቃል፤ ለድካማቸው አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ካነሷቸው ነጥቦች አንዳንዶቹ ስህተት ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ በተለይ የእኛን ሰው የሚጎዳ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው፦ መዝገቡ አውሮፕላንን ከጥቃት ጠብቋል፣ ስለዚህ አይነካ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው መዝገብ አይፈራም። ስሙ ወይም የልደት ቀኑ ተሳስቶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚጉላላ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ኮምፒውተር አይሳሳትምና። መረጃው የሚቆየው ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ ጊዜው ይራዘም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት የማቆያ ጊዜውን ማሳጠሩ ጸጥታን ማላላት ነው። በመጨረሻም ይኸው አሠራር እንዳለ ተገልብጦ አገር ቤት ይተከል።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ 19 ዓመት ሆኖኛል። የተሳፋሪው ስም፣ የልደት ቀንና የፓስፖርት ቁጥር መጀመሪያ የሚተየበው በእኔና እኔን በመሰሉ ሰዎች እጅ ነው። መንግሥት ዘንድ የሚደርሰው መዝገብ ከየት እንደሚነሳና የት እንደሚበላሽ በየቀኑ አያለሁ። ዓመተ ምህረቱን፣ የአገራችን ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«መዝገቡ ጠብቆናል» በሚለው ነጥብ ላይ እስከ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። መዝገብ ሕይወት ያድናል። እንዲያውም እሳቸው ካነሷቸው የሚበልጡ ምሳሌዎች አሉ። በጁን 1985 አንድ ሰው ቫንኩቨር ላይ ሻንጣ አስረክቦ እሱ ራሱ ሳይሳፈር ቀረ። ሻንጣው ያለ ባለቤቱ ቶሮንቶ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ኤር ኢንዲያ ተዛወረ። በረራ 182 አየርላንድ አጠገብ አየር ላይ ፈንድቶ 329 ሰው አለቀ። ሻንጣውንና ባለቤቱን ያመሳከረ ማንም አልነበረም። ዛሬ በዓለም አቀፍ በረራ አንድ ተሳፋሪ በር ላይ ሲጠፋ ሻንጣው ተፈልጎ እስኪወርድ ድረስ አውሮፕላኑ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

በዲሴምበር 1988 ደግሞ ፓን አም በረራ 103 ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ ላይ በቦምብ ወደቀ፤ 270 ሰው ሞተ። ቤተሰብ ልጁ አውሮፕላኑ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚነግረው አጥቶ ለሰዓታት ስልክ ይዞ ቆየ። ከዚያ በኋላ በ1990 የወጣው ሕግ አየር መንገዶች አደጋ መድረሱን ባወቁ በ1 ሰዓት፣ ካልተቻለም ከ3 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የተሳፋሪውን ዝርዝር ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲሰጡ አዘዘ። በ1998 በወጣው ደንብ ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ተሳፋሪ ሙሉ ስሙ እንዲያዝ፣ ለአደጋ ጊዜ የሚደወልለት ሰውም እንዲጠየቅ ተደረገ። ያ መዝገብ ቢያንስ እስከ መቼ ይቆይ ነው የተባለው? ተሳፋሪው ሁሉ ከአውሮፕላኑ እስኪወርድ።

አንድ ልጨምር። በሜይ 2010 ኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ ላይ በመኪና ቦምብ ያቆመው ሰው ከሁለት ቀን በኋላ እኩለ ቀን ገደማ ስሙ በረራ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ማታውኑ ወደ ዱባይ በሚሄድ አውሮፕላን ተሳፈረ፤ አየር መንገዱ የታደሰውን ዝርዝር አላየውም ነበር። በመጨረሻ ያስያዘው አየር መንገዱ ለመንግሥት የላከው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው፤ የጠረፍ ጥበቃ ሠራተኞች ስሙን አይተው ከአውሮፕላኑ አወረዱት። በዚያን ጊዜ ስምን ከዝርዝር ጋር የማመሳከሩ ሥራ ገና በአየር መንገዶች እጅ ነበር። መንግሥት ሥራውን «ሴኪዩር ፍላይት» በሚባለው አሠራር ጠቅልሎ የወሰደው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው።

እነዚህን ሦስት ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። በሦስቱም የተፈለገው የዚያን ቀን፣ የዚያን ሰዓት፣ ትክክለኛ መረጃ ነው፤ ሻንጣ ከባለቤቱ፣ ስም ከሰውየው ጋር የሚገጥምበት። ሐምሳ ዓመት የተከማቸ ወረቀት ኤር ኢንዲያን አያድናትም ነበር። ጸሐፊው ከ«መዝገብ ይጠቅማል» ተነስተው «እንግዲያው ብዙ መዝገብ ለብዙ ዘመን ይያዝ» ወደሚል መደምደሚያ ሲሻገሩ በመሐል ያለውን ድልድይ አላሳዩንም።

«የሚደብቀው የሌለው ሰው አይፈራም» የሚለውን አባባል ስንት ጊዜ ሰማሁት። ሰው መዝገብን የሚፈራው የሚደብቀው ስላለው ብቻ አይደለም፤ መዝገቡ ስለ እሱ ያልሆነውን ሲናገር የሚሰማው ስለሌለም ነው። በ2004 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሉ ኤድዋርድ ኬኔዲ ስማቸው ዝርዝር ላይ ካለ ስም ጋር ስለተመሳሰለ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በተደጋጋሚ ታገዱ። አገር የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ ባለሥልጣን ዘንድ መደወል ለእሳቸው ቀላል ነው። እንዲያም ሆኖ እስኪስተካከል ሳምንታት ፈጀ።

የራሒና ኢብራሂም ታሪክ ደግሞ ይብሳል። የማሌዥያ ተወላጅ ናት፤ ስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። በጃንዋሪ 2005 ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከልጇ ጋር ሳለች፣ ቀዶ ሕክምና አድርጋ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇ በካቴና ታሰረ። ምክንያቱ የታወቀው ከዓመታት ክርክር በኋላ ነው። በ2014 መጀመሪያ ዳኛው በሰጡት ፍርድ እንደተረጋገጠው አንድ የኤፍቢአይ መርማሪ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ያለበትን ሳጥን ገልብጦ ሞልቶት ኖሯል። ምልክቱ የተደረገው በ2004 መጨረሻ ነው። አንድ ሰው በእስክሪብቶ የሠራትን ስህተት ለማሳረም ዘጠኝ ዓመትና የፌዴራል ፍርድ ቤት አስፈለገ። ይህች ሴት ምን ደብቃ ነበር?

ስለ መደበቅ ካነሳን፣ ቡኪንግ ስንሠራ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው ስም ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ማወቅ አለበት። እኛ «ፒኤንአር» የምንለው የጉዞ ፋይል ውስጥ ስልክና ኢሜይል አለ፤ ገንዘቡ በማን ካርድ እንደተከፈለ፣ ከማን ጋር እንደሚጓዝ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚበላ ሁሉ አለ። ሁዳዴ ሲገባ የደንበኞቼ ግማሽ «የጾም አድርግልኝ» ይሉኛል፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ምግብ በአጭር ኮድ አስገባለሁ። የሙስሊም ምግብም የአይሁድ ኮሸርም የየራሳቸው ኮድ አላቸው። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በ2012 በተስማሙበት ውል ሃይማኖትን፣ ጤናንና ይህን የመሰለውን የሚገልጥ መረጃ ተጣርቶ ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ እንዲሰረዝ የተደረገው ዝም ብሎ አይደለም። ጾማችን የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አይደለም። ለምግብ ብለን የሰጠነው ቃል ለሌላ ነገር መለያ እንዳይሆንብን ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ እሱ ነው። «ስሙን አስተካክሎ የማያስይዝ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው» ይላሉ ጸሐፊው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እናት ወንድማቸው አርፎ ለለቅሶ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነበር። ትኬቱን የቆረጠላቸው የእህታቸው ልጅ ነው፣ ሌሊት፣ በስልኩ፣ መርዶው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ። እሳቸው በስደት የመጡ ናቸው። የስደተኛ ወረቀታቸው ላይ፣ እንደ ብዙዎቻችን እናትና አባት፣ የልደት ቀናቸው «ጃንዋሪ 1» ተብሏል፤ ዓመቱ 1950። ትክክለኛ ቀናቸውን የሚያውቅ ስለሌለ ጽሕፈት ቤቱ የሰጣቸው ቀን ነው። የእህታቸው ልጅ ግን በእጁ የነበረውን የድሮ የቀበሌ ወረቀት አይቶ 1942 ብሎ ሞላ። በእኛ አቆጣጠር 1942 ልክ ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1950 ታኅሣሥ 23 ቀን 1942 ላይ ይውላል። ልጁ አልዋሸም። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች አየ።

ካውንተሩ ላይ ቦርዲንግ ፓሱ አልወጣም። ሠራተኛዋ ደጋግማ ሞከረች፣ ስልክ አነሳች፣ «ትንሽ ይቆዩ» አለች። እናትየው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ልጁ ደወለልኝና ስልኩን ሰጣቸው። «ልጄ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ነው ያሉኝ። ዓመቱ ላይ ስህተት መኖሩን ከስልክ ወዲያ ማዶ ሆኜ ሳገኘው በረራው ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ ሄዱ፤ ቀብሩ አለፋቸው።

ለምን እንደታገዱ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። አብዛኛውን ጊዜ አይነገርምም፤ መንግሥት እንደ ልማዱ አንድ ሰው ዝርዝር ላይ መኖር አለመኖሩን አያረጋግጥም፣ አያስተባብልም። እኔ ግን አሠራሩን ስለማውቅ ይህን ማለት እችላለሁ፦ ሴኪዩር ፍላይት ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ጾታ የሚጠይቀው በስም የሚመሳሰሉ ሰዎችን ለመለየት ነው። ስም ሲገጥም የሚያድንህ የልደት ቀንህ ነው። የልደት ቀንህ ከተሳሳተ የሚያድንህ የለም።

ጸሐፊው እንግዲህ የእህታቸው ልጅ ይጠንቀቅ ነበር ይሉ ይሆናል። ይሁን። ነገር ግን የእኛ ስም ራሱ ለዚህ መዝገብ አልተሰፋም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። የትኛው «ላስት ኔም» ቤት ውስጥ እንደሚገባ ከሰነድ ሰነድ ይለያያል፤ በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በግሪን ካርዱ ሌላ የሆነበት ደንበኛ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። አንዳንዱ ቪዛው ላይ ስሙ በሙሉ በላስት ኔም ቤት ገብቶ በፈርስት ኔም ቦታ «ስሙ የማይታወቅ» የሚል ምሕጻረ ቃል ተጽፎበት ይመጣል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም እያለው!

ከዚያ ደግሞ ፊደሉ አለ። ፀጋዬ በፈረንጅ ፊደል በቲ ይጀምራል፣ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ በኤስ ብቻም የሚጽፈው አለ። መሐመድ በኦ ወይም በዩ፣ በአንድ ኤም ወይም በሁለት ይጻፋል። ኃይለ ገብርኤል አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ፓስፖርታችን ግርጌ ያሉት፣ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ለስም ከላቲን ፊደል ሌላ አይቀበሉም፤ እያንዳንዳቸውም 44 ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨምርበታል። «ሚስስ» ወይም «ሚስተር» የምትለዋ ማዕረግ ብዙ ጊዜ ቦርዲንግ ፓስ ላይ ከስም ጫፍ ተጣብቃ ትወጣለች። «ስሜ ላይ ምን ጨመራችሁበት?» ብለው ወረቀቱን ይዘውብኝ የመጡ አባት አሉ።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» ላሉትም መልሱ ከዚያው ከመንግሥት የመጣ ነው። በ2009 የገና ዕለት ከአምስተርዳም ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ የውስጥ ሱሪው ላይ የሰፋውን ፈንጂ ለማፈንዳት የሞከረው ወጣት ስሙ በመንግሥት የሽብር መረጃ ቋት ውስጥ ነበር። አባቱ ራሳቸው ኤምባሲ ሄደው አስጠንቅቀዋል። ታዲያ የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ እንዳለው በወቅቱ ያልታየው ለምንድን ነው? ስሙ ሲፈለግ ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው፤ ይህን ዋይት ሐውስ በጃንዋሪ 2010 ባወጣው ግምገማ አምኗል። የፊደል ስህተት ንጹሑን ያስራል፣ ወንጀለኛውን ያሳልፋል። ይህ ችግር የአንድ ስደተኛ ቸልተኝነት ሳይሆን የመዝገቡ የራሱ ሕመም ነው፤ ስለ ጸጥታ የሚጨነቅ ሰው ከማንም በፊት ሊያሳስበው የሚገባውም ይህ ነበር።

ስለ ማቆያ ጊዜው ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ መዝገቦችን አደባልቀዋል። «ሰባት ቀን ብቻ ነው» ያሉት የሴኪዩር ፍላይትን ነው፤ ለዚያውም ከጉዞው በኋላ ምንም ላልተገኘበት ተሳፋሪ። ስሙ ከዝርዝር ጋር ሊገጥም ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው መረጃ 7 ዓመት ይቆያል፤ ገጥሟል የተባለው 99 ዓመት። ከላይ ያልኩት ፒኤንአር ደግሞ ሌላ ነው፤ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በጠረፍ ጥበቃው የሚያዝ። እሱ ከአውሮፓ ጋር በተደረገው ውል መሠረት 5 ዓመት በሥራ ላይ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 10 ዓመት በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣል፤ ባጠቃላይ 15 ዓመት ማለት ነው። «ሰባት ቀን ብቻ» የሚለውን ያነበበ ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይቀራል። ካውንተር ላይ የታገዱት እኒያ እናት በየትኛው ቤት ውስጥ ነው ያሉት? በሰባቱ ቀን ሳይሆን በሰባቱ ዓመት ቢሆን አይገርመኝም።

ደግሞም የተከማቸ ነገር ይወጣል። በ2002 ጄትብሉ የተባለው አየር መንገድ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ የተሳፋሪ መዝገብ ለአንድ የመከላከያ ተቋራጭ አሳልፎ ሰጠ፤ ተሳፋሪ አልተጠየቀም፣ አልተነገረውም። ጉዳዩ በ2003 ሲወጣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ሰዎቹ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ተሳፋሪው በስሙ የተያዘው ነገር የት እንደደረሰ የሰማው ከጋዜጣ ነው።

ጸሐፊው ሠራተኞችን በሚመለከት የጻፉትን ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ቢሆንም ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምክንያቱም ለእሳቸው ክርክር ብለው ያመጡት ምሳሌ የእኔን ነው የሚደግፈው። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉት አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ካውንተር የሚቆመው። ወደተከለከለው ክልል የሚያስገባውን ባጅ ለማግኘት አሻራ ይሰጣል፣ ያለፉት 10 ዓመታት የወንጀል ታሪኩ ይታያል። ጸሐፊው «ሠራተኛው አላጉረመረመም፣ ተሳፋሪው ለምን ያጉረመርማል?» ይላሉ።

ሠራተኛው ያላጉረመረመው ሕጉ መብት ስለሰጠው ነው። በመዝገቡ ላይ ሥራ የሚያስከለክል ነገር ከተገኘ አስቀድሞ ይነገረዋል። በጽሑፍ ከጠየቀ የመዝገቡ ግልባጭ ይሰጠዋል። «ይህ ስህተት ነው፣ ላርመው እፈልጋለሁ» ብሎ ለማስታወቅ 30 ቀን አለው። ሥራውን ትቶ ባጁን ሲመልስ ደግሞ ፋይሉ የሚያዘው ለ180 ቀን ነው፣ ከዚያ ይጠፋል። የአንድ ደንበኛዬ ባል ይህ ደርሶበታል። ከእሱ ጋር በስም የሚመሳሰል ሰው ክስ በእሱ መዝገብ ውስጥ ተገኘ። ተነገረው፣ ግልባጩን ወሰደ፣ ከፍርድ ቤት ማስረጃ አምጥቶ አስተካከለ፤ ዛሬም እዚያው ይሠራል። ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ገብቶ ሻንጣ ለሚጭን ሰው ይህ ከተቻለ፣ ለለቅሶ ለሚሄዱ የሰባ ዓመት እናት የማይቻልበት ምክንያት አይገባኝም።

በእርግጥ ለተሳፋሪም አንድ በር አለ፤ ጸሐፊው አለማንሳታቸው ቅር አሰኝቶኛል፣ ለአንባቢ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነበርና። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከ2007 ጀምሮ «ትሪፕ» የሚባል የአቤቱታ መንገድ አለው። በተደጋጋሚ የሚታገድ ሰው ያመለክታል፣ ሰነዱን ያያይዛል፣ ሲጠናቀቅ «ሪድረስ» የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ያን ቁጥር ከዚያ በኋላ በሚቆርጠው ትኬት ሁሉ ላይ እናስገባለን። ለእኒያ እናት ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተመላልሰዋል፣ አልታገዱም። ስለዚህ መንገዱ ይሠራል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ መልሱ ውስጥ ምን ስህተት እንደነበረና ማን እንዳረመው አይገለጽም። ከደንበኞቼ ውስጥ ከእኔ ከመስማታቸው በፊት ይህን መንገድ የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለ አውሮፓው ፍርድ ቤት ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ያሉትን ፍርድ ቤቱ አላለም። ጉዳዩን ያቀረበው አንድ የቤልጂየም የሰብዓዊ መብት ማኅበር ነው፤ ውሳኔው የወጣው በጁን 21 ቀን 2022 ነው። ፍርድ ቤቱ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ራሳቸው የሚይዙትን የተሳፋሪ መዝገብ አላፈረሰም። ለሽብርና ለከባድ ወንጀል መከላከያ ይዋል ብሎ አጸና። ያልፈቀደው የሁሉም ተሳፋሪ መረጃ ያለ ልዩነት 5 ዓመት እንዲቀመጥ ነው፤ ከ6 ወር በኋላ የሚቆየው ከአደጋ ጋር የሚያገናኘው ተጨባጭ ነገር የተገኘበት ሰው ብቻ ይሁን አለ። በራሱ እየተማረ መስፈርቱን የሚለዋውጥ ማሽን በሰው ላይ እንዳይፈርድም ከለከለ። ከውሳኔው ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ልጥቀስ፦ በ2018 እና በ2019 ማሽኑ «ይህን ሰው እዩት» ብሎ ካወጣቸው ሰዎች ከየስድስቱ ቢያንስ አምስቱ፣ በሰው ዐይን ሲታዩ ስህተት ሆነው ተገኝተዋል። የጸጥታ ሠራተኛ ጊዜ በአምስት ንጹሐን ላይ ሲያልቅ ስድስተኛውን የሚያየው መቼ ነው?

የቀረው አገር ቤት ነው። «ተገልብጦ ይተከል» የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ጉዳዩ ሩቅ ስላልሆነ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በዲሴምበር 2017 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2396 አባል አገሮች ሁሉ የተሳፋሪ መረጃ የመሰብሰብና የመመርመር አቅም እንዲገነቡ ግዴታ ጥሏል። ኢትዮጵያም አለችበት። አዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ መገናኛ ናት፤ ከሌጎስ፣ ከኪንሻሳ፣ ከጆሃንስበርግ የተነሳው ሁሉ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ይቀይራል። እዚያ የሚያዘው መዝገብ የእኛን ብቻ ሳይሆን የአህጉሩን ሰው ስም ይይዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በአገራችን አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው ሕጋችን አውቋል። ጸሐፊው ይህን አዋጅ አንድ ጊዜም አልጠቀሱትም።

ሌላም ዕድል አለን፤ አሜሪካኖቹ የሌላቸው። ፀጋዬ በአማርኛ ሲጻፍ ማንም የራሱን ስም ከቲ ወይም ከኤስ አይመርጥም። 1942 የእኛ ዘመን መሆኑን ቦሌ ካውንተር ላይ የቆመች ልጅ ሳትጠየቅ ታውቃለች። ስምን በራሳችን ፊደል፣ የልደት ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን መያዝ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ እኔ ራሴ ለደንበኞቼ በደብተር የማደርገው ነው። የሌላውን እንዳለ ከገለበጥን ግን የራሳችንን እናት በራሳችን አገር «ስምዎ አልገጠመም» ልንል ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸው ቀጣይ ክፍል እንዳለው ጠቁመዋል። በዚያ ክፍል አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። አንዲት እናት ቦሌ ላይ፣ ትኬታቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ካውንተር ፊት ቆመው «ትንሽ ይቆዩ» ቢባሉ፣ ምክንያቱን የሚነግራቸው ማን ነው? የትኛው ክፍል፣ የትኛው መስኮት ነው የሚሄዱት? በስንት ቀን ይታረምላቸዋል?